ኦሪሲያ ቀድማ የተንበረከከች ለት

አበልጄ ኦሪሲያ ፈሪ ናት። ሐሜት አይደለም፤ ራሷ በአደባባይ የምትናገረው ነው። ውሻ ትፈራለች፣ መሰላል ትፈራለች፣ የጎረቤት ዝይ ሲንጫጫባት መንገድ ትቀይራለች። ነጎድጓድ ሲያጓራ ሶኬቱን ሁሉ ነቅላ አልጋዋ ላይ እግሯን ሰብስባ ትቀመጣለች። ፈሪ ውሃ ውስጥም ያልበዋል ይባል የለ፣ እሷን አይተው መሆን አለበት ያሉት። አንድ ቀን ስስቅባት፣ "ሳቂ ስቴፋ፣ ሳቂ። ፈሪ ባልሆን ኖሮ እስካሁን ማን ያቆየኝ ነበር?" አለችኝ።

ይህችው ፈሪ ሴት ናት ታዲያ፣ ባሏ ለሥራ ብሎ ሩቅ ሰሜን ሄዶ የውሃ ሽታ ሆኖ ሲቀር፣ አንዲት የጣልያን ቃል ሳታውቅ አውቶቡስ ተሳፍራ ጣልያን የገባችው። ልጇን ማርኪያንን እኔ ዘንድ ተወችው። የክርስትና እናቱ እኔ ነኝ፣ ሌላ ለማን ትስጠው? ልጁ ገና ትንሽ ነበር፤ የመጀመሪያውን ዓመት ስልክ አላናግርም ብሎ አኮረፋት። እሷ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ካርቶን ትልካለች፤ አይብ፣ ፓስታ፣ ካልሲ፣ የልብስ ሳሙና። ማርኪያን ካርቶኑን ሲከፍት ዕቃውን ከማውጣቱ በፊት አንገቱን አስግጎ ውስጡን ያሸት ነበር። የእናቱን ሽታ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። አፌ ግን መች ዝም ይላል፣ "ሳሙና አማረህ እንዴ?" እለዋለሁ።

ጣልያን ውስጥ የምታስታምማቸው አሮጊት ኤርሚኒያ ይባላሉ። ሦስት ልጆች ነበሯቸው፣ ሦስቱም እናታቸውን ይወዳሉ። ነሐሴ በመጣ ቁጥር፣ አገሩ ሁሉ ወደ ባሕር ለዕረፍት ሲወርድ፣ እናታችንን ማን ይያዝ ብለው ይሰበሰባሉ። አንዱ፣ "እኔ ዝግጁ ነኝ፣ እህቴ እሺ ካለች" ይላል። እህቲቱ፣ "እኔም ዝግጁ ነኝ፣ ወንድሜ ከጀመረ" ትላለች። ሦስተኛው ሁለቱን ያያል። ተቃቅፈው ይለያያሉ። በአንዱ ነሐሴ አሮጊቷ ሞቱ። እጃቸውን ይዛ የነበረችው ኦሪሲያ ናት፤ ልጆቹ ስልክ ላይ ነበሩ፣ ገና እየተመካከሩ። በቀብሩ ላይ ሦስቱም ቅስማቸው ተሰብሮ አለቀሱ። "ከልባቸው ነው ያለቀሱት" ትላለች ኦሪሲያ። "ክፉ ሰዎች አይደሉም። እንዲያው ነሐሴ ሆኖባቸው ነው።"

ከዚያ ወዲያ ጠቅልላ ተመለሰች። ማርኪያን ጎርምሶ፣ መካኒክ ሆኖ፣ ጥፍሩ ሥር ግራሶ ይዞ ጠበቃት። እናትና ልጅ አንድ ማዕድ መላመድ እንደ ጀመሩ ጦርነቱ መጣና ልጁን ወሰደው።

ሥራው በፒካፕ መኪና ጀርባ ላይ መትረየስ ተክሎ፣ ወደ ከተሞቻችን የሚላኩትን ድሮኖች እያሳደዱ መጣል ነው። ሹፌራቸው ኦሌስ ይባላል፤ ከኛ አለፍ ብሎ ወደ ፖላንድ ድንበር ካለችው ከዱብሪቭካ መንደር ነው፣ የማር ሻጯ የሚሮስላቫ ልጅ። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት ለእናቶቻቸው በስልክ አንዲት ምልክት ይልካሉ፣ የመደመር ምልክቷን ፕላስ። ቃል የለ፣ ሰላምታ የለ፤ ያቺ ምልክት ከመጣች ሌሊቱን አድረዋል ማለት ነው። ማርኪያን ዝርክርክ ነው፣ ይረሳል። "ላክ እንጂ አንተ፣ እናቶቻችንን ልትገድል ነው?" እያለ የሚያስታውሰው ኦሌስ ነው። ኦሪሲያና ሚሮስላቫም ቅዳሜ ገበያ ላይ ይገናኛሉ። "የኔ ልኳል፣ ያንቺስ?" "የኔም።" ከዚያ በኋላ ነው ስለ ማሩ የሚያወሩት።

የመንደራችን አስተዳዳሪ ኢላርዮን ይባላል። ድሮ ሰርግ ላይ አኮርዲዮን ይጫወት ነበር፤ በደጅህ ሲያልፍ እጁን ይዘህ ካላስገባኸው ቅር የሚልህ ዓይነት ሰው። አሁን ከወታደር ጽሕፈት ቤት ሰው ጋር እየሆነ መርዶ የሚነግረው እሱ ነው። ምን ያድርግ፣ ሥራው ሆነ። መኪናው ወደ አንድ ሰፈር ስትታጠፍ መጋረጃው ሁሉ ይወርዳል። ምስኪን፣ ስለሚያውቅ ቀድሞ ይደውላል። "ስቴፋ፣ ኢላርዮን ነኝ። ለኤሌክትሪክ ምሰሶው ነው የምመጣው። ለምሰሶው ብቻ። አትደንግጪ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ከመምጣትህ ይልቅ መደወልህ ነው የሚገድለኝ" እለዋለሁ።

ልጅ ሞቶ ሲመጣ ደግሞ ሥርዓት አለው። ከፊት ፖሊስ ሰማያዊ መብራቱን እያበራ፣ ድምፅ ሳያሰማ፤ ከኋላ አስከሬኑን የያዘው መኪና፤ ከዚያ ጓደኞቹ፤ ሁሉም በዝግታ። እኛ መንገድ ዳር ወጥተን እንንበረከካለን። የማን ልጅ ነው ተብሎ አይጠየቅም። አንድ ሰው ተንበርክኮ ካየህ አንተም ትንበረከካለህ፣ ጥያቄው በኋላ ነው። እስኪያልፍ ማንም አይነሳም። እነሱም አይቆሙም፤ የሚቆሙት የእናቱ ደጅ ሲደርሱ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ በዚያ ጭጋጋማ ሰኞ የሆነውን እንድትረዱልኝ ነው።

በክረምቱ ብርድ የማርኪያን ቡድን ፒካፕ ተቃጠለች። ሰው አልተጎዳም። ደውሎ ሲያወራን ይስቅ ነበር። "አሁን በኦሌስ አሮጌ የቤት መኪና ነው የምንሯሯጠው፣ እማዬ። መትረየሱን የኋላ ወንበር ላይ እንደ በሽተኛ አስተኝተን። ድሮን ሲመጣ አውርደን መሬት ላይ እንተክላለን፣ ሲያልቅ ነቅለን እንጭናለን። ብታዪን የሽማግሌ ጉዞ ነው የሚመስለው።"

"እስክትጭኑ ድረስስ?" አለች ኦሪሲያ።

"እስክንጭን ኦሌስ መሪውን ይዞ ይሰድበናል።"

"ሌላ መኪና አይሰጧችሁም?"

"ከአውሮፓ ይመጣል ይላሉ። ይመጣል፣ እማዬ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦሪሲያ አንድ ነገር ብቻ ትጠብቅ ነበር። መኪና። ጠዋት ፕላሱን አይታ፣ ተሳልማ፣ "ዛሬም በዚያች ቆርቆሮ አደረ" ትላለች።

እኛ ሴቶቹ በባህል ቤቱ አዳራሽ መረብ እንሠራለን፣ መድፍና መኪና ከዓይን የሚሸፈንበት። አሮጌ ልብስ በቁራጭ እየቀደድን መረቡ ላይ እንቋጥራለን። በበረዶ ጊዜ ነጭ ነበር፣ አንሶላ አልቀረንም፤ መጋቢት ሲገባ ወደ አረንጓዴና ቡናማ ዞርን። የሟቹ ባሌ ሱሪ ዛሬ የትኛውን መድፍ እንደሸፈነ እንጃ፤ በዕድሜው እንደዚያ ጠቅሞ አያውቅም። እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ፣ ባሕር ማዶ ያለው ትልቁ ወዳጃችን የሚልከውን መሣሪያ ለጊዜው እንዳቆመ የተናገረው። መቀስ የያዘ እጅ ሁሉ ቆመ። በማግስቱ ኦሪሲያ ትልቅ ዱባ ታቅፋ መጣችና ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጠችው።

በኛ ዘንድ ሽማግሌ የተላከባት ልጅ ጠያቂውን ካልፈለገችው፣ አልፈልግህም አትልም፤ ዱባ አሸክማ ትሸኘዋለች።

"ይህ ለማን ነው?" አለቻት ዚና፣ ከኛ መካከል ነገረኛዋ።

"ለኛ ነዋ። ተሰጥቶናል። ውሰጂና ቀቅይው።"

"አውሮፓውያኑስ? እነሱ ምን ይላሉ?"

"እሺም እምቢም አላሉ። ተሰብስበዋል። ነሐሴ ላይ ናቸው።"

"በመጋቢት?"

"በመጋቢት" አለች ኦሪሲያ፣ ሳትስቅ። እኛ ግን ሳቅን። የሰው ፊት እሳት ነው፤ ልጄን አድኑልኝ ብሎ የሰው ፊት ከማየት የሚከፋ የለም፣ እና ካልሳቁ በምን ይቻላል።

ሐሙስ ጠዋት ፕላሱ አልመጣም።

ዓርብም አልመጣም። ማርኪያን ረስቶ ነው አልኳት። "ኦሌስ አለ አይደል፣ ያስታውሰዋል" አለችኝ። ቅዳሜ ገበያ አብሬያት ሄድኩ። ሚሮስላቫ የማር ማሰሮዎቿን ደርድራ ቆማለች። ከሩቅ ስታየን በእጇ የያዘችውን ማሰሮ አስቀመጠችው።

"የኔ አልላከም" አለች ሚሮስላቫ። "ያንቺስ?"

"የኔም።"

"ኔትወርክ ነው።"

"ኔትወርክ ነው እንጂ" አለች ኦሪሲያ።

ሁለቱም ኔትወርክ አሉ፣ ሁለቱም አልተያዩም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሚሮስላቫ አንድ ማሰሮ ማር በግድ አስያዘቻት፤ "ልጆቹ ሲመጡ ይበላል" ብላ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ኦሪሲያ ቁጭ ብላ አስቀደሰች። እኔም ፈርቻለሁ፣ ልዋሽ አልችልም። ያን ልጅ አፍንጫውን ጠርጌ ነው ያሳደግኩት። ግን ሁለታችንም ከፈራን ማን ሾርባ ያሞቃል?

ሰኞ ጭጋጉ መንገዱን ዋጠው። አዳራሹ ውስጥ መረቡን ወጥረን ቆመናል፤ ኦሪሲያ አረንጓዴ ቁራጭ ጨርቅ ይዛ። ዚና ገባችና ካፖርቷን እያወለቀች፣ "ኢላርዮን በጠዋት ወደ ከተማ ወጣ" አለች።

ኦሪሲያ እጇ ቆመ። "ለምን?"

"ጥርሱን አሞት።"

"ጥርሱን?"

"ጥርስ የለውም እንዴ ሰውዬው?"

ኦሪሲያ ወደኔ ዞረች። ፊቷ አመድ መስሏል። "ሸሽቶኝ ነው" አለች በሹክሹክታ። "መንገር አቅቶት ነው የሸሸኝ። ትናንት ቤተ ክርስቲያን ሰላም ሳይለኝ አለፈ።"

"ሁላችንም ነን እኮ እሱን ስናይ ፊታችንን የምናዞረው፣ ምን ያድርግ ታዲያ?"

"ስቴፋ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ንገሪኝ።"

"ምንም አላውቅም፣ ማርኪያን ይሙት" ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እንዲህ ያለ መሐላ የለመደ አፍ ይቆረጥ። "እኔ ልሙት፣ አላውቅም" አልኳት።

በዚህ መሀል ነው በመስኮቱ በኩል ጭጋጉ ሰማያዊ የሆነው። ይበራል ይጠፋል። ድምፅ የለም። መብራቱ በዝግታ እየቀረበ ነው፣ ከኋላውም የመኪና መብራቶች ተከታትለው። ዚና አማተበች። ኦሪሲያ ካፖርት ሳትደርብ፣ ጨርቁን እንደያዘች ወጣች። ስከተላት መንገዱ ዳር በረዶ የቀለጠበት ጭቃ ውስጥ ተንበርክካለች።

ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቃል? እኔ አጠገቧ ወደቅኩ። ዚና ከኋላ። ከሱቁ ሰው ወጣ፣ ከትምህርት ቤቱ አስተማሪዎቹ ወጡ፣ ትራክተሩን አቁሞ አንዱ ወረደ። ኦሪሲያን አይተው ሁሉም ተንበረከኩ። የማርኪያን እናት መሆኗን አይተው ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። መኪኖቹ ከየት በኩል እንደመጡ እንኳ ያሰበ የለም። የኛ ሙታን የሚመጡት ከጦር ግንባሩ፣ በልቪቭ ከተማ በኩል ነው፣ እነዚህ ግን ከድንበር በኩል ነበር የሚመጡት። ውጭ አገር ሆስፒታል ተልኮ እዚያው የሞተ በዚያም በኩል መጥቶ ያውቃል፤ ደግሞስ የፈራ ሰው አቅጣጫ ያያል?

የፖሊሱ መኪና አጠገባችን ደረሰ። ከኋላው ሁለት አምቡላንሶች፣ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና፣ ፒካፖች። እና ቆሙ።

ያኔ ኦሪሲያ ያወጣችውን ድምፅ አልረሳውም። ጩኸት አይደለም፣ ትንፋሽ ነው። የሚቆሙት የእናቱ ደጅ ሲደርሱ ብቻ ነው አላልኳችሁም? ቆሙ። ለሷ ነው የቆሙት ማለት ነው።

ከመጨረሻዋ ግራጫ ፒካፕ አንድ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ወርዶ እየሮጠ መጣ። ጭቃው ላይ አጎንብሶ ክንዷን ያዘና በጣልያንኛ ለፈለፈ። እኔ ምን እንዳለ በኋላ ነው ከሷ የሰማሁት። ቱሊዮ ይባላል። "እሜቴ፣ በእግዜር ይነሱ" ነበር ያላት። "እባክዎ ይነሱ፣ ሰዎቹም ይነሱ። ይህ ለኛ አይገባም። አሮጌ መኪኖች ናቸው እኮ።"

ኦሪሲያ በጣልያንኛ መለሰችለት። "የትኛው ውስጥ ነው?"

"ምኑ?"

"ልጄ።"

ሰውዬው አልገባውም። "ማንም የለም፣ እሜቴ። ጎማ ነው። ሳጥን ነው።"

"ክፈተው።"

"እሜቴ..."

"ሁሉንም ክፈተው።"

ከፈተላት። ከአንዱ መኪና ወደ አንዱ፣ ጉልበቷ ጭቃ እንደሆነ። አምቡላንሱ ውስጥ ያለውን ባዶ ቃሬዛ በዓይኗ ማየት አልበቃ ብሏት በመዳፏ ዳበሰችው። የጭነት መኪናው ላይ ወጣች፤ መሰላል የምትፈራዋ ሴት። በመጨረሻ የግራጫዋን ፒካፕ ሸራ ገለጠች። ትርፍ ጎማ፣ አካፋ፣ ለወታደሮቹ የተላከ የአይብና የፓስታ ካርቶን። ካርቶኑን ከፍታ አንገቷን አስገባች። ከዚያ ተንሸራታ መሬት ላይ ተቀመጠችና ሳቀች። እያለቀሰች ትስቃለች፣ "ባዶ ነው፣ ስቴፋ፣ ባዶ ነው" እያለች። ዚና ከኋላ ጉልበቷን እያራገፈች፣ "እንግዲህ ጥሩ ቀሚሴ ነበር" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ባዶ መሆኑ ግን ፕላስ አይደለም።

ቱሊዮ ማልቀስ ብቻ ቀርቶት ቆሟል። ተንበርክከን ያመሰገንነው መስሎት ነው፣ ምስኪን። አፍሮ ያፈረበትን ሁሉ ይናዘዝላት ጀመር። መኪኖቹ ከመከር ጀምሮ ዝግጁ ሆነው ግቢ ውስጥ ቆመው ነበር። ጎማቸው ተቀይሮ፣ ዘይታቸው ተሞልቶ። የከተማቸው ሹማምንት ግን ይሰበሰባሉ። አንዱ ጎረቤት ከተማ ከሰጠ እንሰጣለን ይላል፣ ሌላው ባሕር ማዶ ያሉት ምን እንደሚሉ እንይ ይላል። ክረምቱ አለፈ። "በየሳምንቱ እየሄድኩ ሞተራቸውን አስነሳ ነበር፣ ባትሪው እንዳይሞት" አላት። "ስለዚህ እባክዎ፣ ለኛ አትንበርከኩ።"

"ነሐሴ" አለች ኦሪሲያ።

"ምን አሉ?"

ልትተወው ትችል ነበር። አዎ፣ እያመሰገንናችሁ ነው ብትለው ሰውዬው ደስ ብሎት ይሄድ ነበር፤ ጣልያንኛ የሚያውቅ ሌላ ማን አለ? እሷ ግን ነገረችው። "ለናንተ አይደለም የተንበረከክነው። የሞተ ልጅ ይዛችሁ የመጣችሁ መስሎን ነው። እኛ እንዲህ ነው የምንቀበላቸው።"

ቱሊዮ ባርኔጣውን አወለቀ። ዙሪያውን አየ፤ ጭቃ የነካውን ጉልበት ሁሉ አየ። ባርኔጣውን መልሶ ማድረግ አልቻለም፣ በእጁ እንደያዘው ቀረ።

መኪኖቹን የሚረከብ አንድ ወታደር አብሯቸው ነበር። ኦሪሲያ ሄዳ የልጇን ክፍል ስም ነገረችው። "መኪና የላቸውም። ከነዚህ ለነሱ የሚደርስ አለ?" አለችው።

"እናቴ፣ የሚሄዱበትን መናገር አልችልም።"

"አትናገር። እያየሁህ ነው፣ አትናገር።"

ወታደሩ አንገቱን ደፋ። ከዚያ በግራጫዋ ፒካፕ በኩል አለፈና አፍንጫዋን ቸብ ቸብ አደረጋት። ኦሪሲያ እስካሁን ጨብጣው የነበረውን አረንጓዴ ጨርቅ ወስዳ የሹፌሩ መስተዋት ላይ ቋጠረችው፣ መረብ ላይ እንደምንቋጥረው ጥብቅ አድርጋ። ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ኢላርዮን ከከተማ ተመለሰ፣ ጉንጩ እንደ ዳቦ አብጦ። ዚና ለጎረቤቱ ሁሉ "እውነትም ጥርሱ ነው" እያለች አዞረችው። እኔና ኦሪሲያ ቤቷ ተቀምጠን ሳለ ስልኳ ጮኸ። የማናውቀው ቁጥር ነው። አንሺው አለችኝ፤ እኔም ፈራሁ። መጨረሻ ላይ ራሷ ነካችው፣ ድምፁ ለሁለታችንም እንዲሰማ አድርጋ።

"እማዬ።"

እኔ ነኝ "ማርኪያን፣ አለህ?" ያልኩት።

"አለሁ። ስልኬ ተቃጥሎ ነው። ጆሮዬ ይጮሃል፣ ጮክ በሉ።" ከዚያ፣ "ኦሌስ የለም" አለ። "ለሐሙስ አጥቢያ ሌሊት ነው። መትረየሱን ከመሬት ነቅለን እስክንጭን መሪው ላይ ሆኖ ሲጠብቀን ድሮን መታው። ጥሎን መሄድ ይችል ነበር፣ እማዬ። ፒካፕ ብትኖረን ዘለን ነበር የምንወጣው፣ አናመልጥም ነበር እንዴ?" ልጁ ያለቅሳል። "ለእናቱ እንዳትነግሪ። የሚነግሩት መጥተው ይነግሯታል። እስከዚያ ምንም አታውቂም፣ እሺ?"

"እሺ" አለች ኦሪሲያ።

ዘግታ ብዙም ሳይቆይ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ሚሮስላቫ ናት። ስሟ ስክሪኑ ላይ ይበራል። ምን እንደምትጠይቅ ሁለታችንም እናውቃለን፤ የኔ አልላከም፣ ያንቺስ? ኦሪሲያ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስልኩን አየችው። እኔ በዕድሜዬ ብዙ አይቻለሁ፣ እንደዚያ የሚጮህ ነገር ግን ሰምቼ አላውቅም። ጮኾ ጮኾ አቆመ። የማር ማሰሮው ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ተነስቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ኢላርዮን ቀድሞ አስነገረ። ነገ የዱብሪቭካ ልጅ በኛ በኩል ያልፋል። ቀኑ ብራ ነበር፣ መንገዱ እስከ ሩቅ ይታያል። በዚህ ጊዜ ከልቪቭ በኩል ነው የመጡት። ሰማያዊው መብራት፣ ከኋላው ኦሌስን የያዘው መኪና። ተንበረከክን። እኔ ኦሪሲያ ጎን ነኝ።

ከአስከሬኑ ቀጥሎ ግራጫዋ ፒካፕ መጣች።

መጀመሪያ ያየሁት ጨርቁን ነው። ጭቃ ጠጥቶ አረንጓዴነቱ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፣ ግን መስተዋቱ ላይ እንደተቋጠረ ነው። መሪውን የያዘው ማርኪያን ነው። ከስቷል፣ ግንባሩ ላይ ፋሻ አለ። መስኮቱ ክፍት ነው። ኦሪሲያ ከክረምቱ በፊት ጀምሮ አላየችውም፤ አሁን እጇን ብትዘረጋ ጉንጩን ትነካዋለች። አየችው። እሱም አያት። ከንፈሩ "እማዬ" ሲል አየሁ። ልትነሳ ነው ብዬ እጇን ጨበጥኩ፤ ማን ይፈርድባታል? ግን አልተነሳችም። እሱም አልቆመም። የሚቆመው ሚሮስላቫ ደጅ ነው።

አለፉ። መብራቱ ከኮረብታው ወዲያ ጠፋ። ሰው ጉልበቱን እያራገፈ ተነሳ፣ ዚና ሳትቀልድ ሄደች። ኦሪሲያ ግን እንደተንበረከከች ናት።

"ተነሽ፣ አበልጄ" አልኳት። "አየሽው አይደል? ደህና ነው። ነገ ይመጣል፣ ትስሚዋለሽ።"

"አየሁት።"

"ታዲያ ተነሻ።"

"ስቴፋ፣ ደስ አለኝ" አለች። "ኦሌስ ፊቴ ሲያልፍ፣ የኔ ከኋላው ቁጭ ብሎ ሳየው ደስ አለኝ። ሚሮስላቫ ደጇ ላይ ቆማ ይህን ሰዓት እየጠበቀች፣ እኔ ደስ አለኝ። ለዚህ ነው መነሳት ያቃተኝ።"

ተመልሼ አጠገቧ ተንበረከክኩ።